ሕያው ሰው ተሸፍኖ

ከወገዳ ከተማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የመኪናው ባሌስትራ ተሰበረ። ሐሳባችን ሳይነጋ ቤት ልንገባ ነበር፤ የመስከረም ፀሐይ ግን ቀደመችን። አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፤ እኔ በየመስኮቱ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እሰቅላለሁ። መስታወት አያድነውም ተብዬ ነበር።

አባቴ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ይዞት፣ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ህንድ አገር ታክሞ መመለሱ ነው። በደም ሥር የሰጡት መድኃኒት ዕጢው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በአፉ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ብርሃን ያበሩበታል። መድኃኒቱ ዕጢውን የሚገድለው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ቆዳም ውስጥ ለሳምንታት መቆየቱ ነው፤ ፀሐይ የነካው ቆዳ እሳት እንደነካው ይቃጠላል። ሐኪሙ ሕክምናው ፈጽሞ እንደማያድነው፣ ግን የተዘጋውን ከፍቶ ዕድሜ እንደሚጨምርለት ሳይደብቅ ነግሮናል። ለዚያች ዕድሜ ስል ከማንም ጋር ልጣላ ቆርጬ ነበር። ነርስ ነኝ፤ በዚያ ላይ በተፈጥሮዬ ነገረኛ ነኝ።

በአካባቢው ቤት የለም፤ ጥላ የሚሆን ዛፍም የለም። የሚቀርበው ጣራ ከቁልቁለቱና ከዳገቱ ማዶ ያለው የራሳችን ነው። ደወልኩ። አጎቴ የሰፈሩን ጎረምሶች አስከትሎ ቃሬዛ ይዞ መጣ። አባቴን አስተኛነውና ጥቁር ብርድ ልብስ ከእግር እስከ ራሱ አለበስኩት።

ቃሬዛውን ሊያነሳ ያጎነበሰው አጎቴ ቀና አለ።

«ፊቱን ግለጪው።»

«አይገለጥም።»

«እኛ አገር ፊቱ ተሸፍኖ በቃሬዛ የሚሄደው ማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? ወንድሜን በቁሙ ልትገንዢው ነው?»

«ይቃጠላል አልኩዎ እኮ!»

አንዱ ጎረምሳ ሟርት ነው፣ አልሸከምም ብሎ እጁን አነሳ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው፤ እነሱ ቆመው ይከራከራሉ።

ይሄኔ አባቴ ከብርድ ልብሱ ሥር ጮኸ። «አንሱኝ እንጂ! ድምፄን እየሰማችሁ ሂዱ!»

አነሱት። እሱም በሬ የሚነዳ ይመስል ይነዳቸው ጀመር። ሳያይም መንገዱን በቃሬዛው ማዘንበል ያውቀዋል። «ቁልቁለቱ ደረሰ፤ ከኋላ ያላችሁ ዝቅ በሉ!» ወደ ገበያ የምትወጣ አንዲት ሴት የተሸፈነውን ስታይ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች።

«ገና ነኝ እቴ! ገበያ ልትወጪ ነው?» አላት።

ሴትዮዋ ሸክሟን ጥላ እያማተበች ሸሸች። ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔ ግን ነፋሱ የሚያነሳውን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዤ እሮጣለሁ።

ዳገቱ መሐል ላይ ድምፁ ጠፋ።

«አባዬ?»

ብርድ ልብሱ አልተነቃነቀም።

«አባዬ!»

ተሸካሚዎቹ ሳይነጋገሩ ቆሙ። አጎቴ እጁን ወደ ብርድ ልብሱ ሲሰድ አንጓውን ያዝኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ሞቶ እንደሁስ?» አለኝ በሹክሹክታ። ከሞተ ፀሐይዋ ምንም አታደርገውም፤ ካልሞተ ግን በገዛ እጃችን ልናቃጥለው ነው። የአጎቴን እጅ አልለቅም አልኩ።

ከዚያ ብርድ ልብሱ በጎን በኩል ተነቃነቀና የአባቴ እጅ ወጣ። ያጠለቅኩለትን ጓንት ሙቀቱ አስመርሮት አውልቆታል። ባዶ እጁን አንስቶ አወዛወዘ።

«ተመስገን!» አሉ ሁሉም።

እየጮህኩ በነጠላዬ ጠቅልዬ መለስኩት። መልሶ አወጣው። እንደሚቃጠል ያውቃል፤ ለመናገር አቅም አጥቶ በእጁ አለሁ ማለቱ ነው። ፊቱን ከሚገልጡት እጁን ሰጣቸው፤ እያወዛወዘ ቤት ደረሰ።

ማታ የእጁ ጀርባ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ ቋጠረ። አጎቴ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያየው አመሸ። ፊቱ ደህና ነበር።

አባቴ የዚያን ዓመት የገብስ እሸት በላ። የዓይኑ ቢጫነት ለቀቀው፤ አውድማ ላይ ቆሞ ሰው አዘዘ። ክረምት ሲገባ ሞተ።

ቤተ ክርስቲያናችን እዚያው ዳገት ላይ ነው። ተሸካሚዎቹም ያኔ የተሸከሙት ናቸው። በቀብሩ ቀን ፊቱ ለምን ተሸፈነ ያለ የለም። ዳገቱ መሐል ሲደርሱ አጎቴ ቆመ፤ ሌሎቹም ቆሙ። ማንም ቁሙ አላላቸውም። ሁላችንም የቃሬዛውን ጎን እናያለን። ካፊያ ይጥላል፤ ሰማዩ እንደጠቆረ ነው።

«እጅዎን ያውጡት አባዬ» አልኩ በሆዴ፤ «ዛሬ ፀሐይ የለም።»