አክስቴ የሰፋችው ግራጫ ካባ

ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ እጅጌ» ይላታል። አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ክንድ የሚያሳይ ቀሚስ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ስንት ሙሽራ ያለ እጅጌ ቬሎ ካልሰፋሽልኝ ብላ አልቅሳባታለች፤ እሷ ወይ ፍንክች! «የእግዚአብሔር ልጅ ነሽ እንጂ የቡቲክ አሻንጉሊት አይደለሽም» ትልና እጅጌውን ትቀጥለዋለች። እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ በዚሁ እጅጌ የተነሳ ዓይኗን ማየት አልፈልግም ነበር።

ስለዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን፣ የቁምስናችን ምክር ቤት ሰብሳቢ መጥቶ፣ «ተራቁተው ለሚመጡ ሴቶች በር ላይ የምናለብሰው አሥራ ሁለት ካባ ይስፉልን» ሲላት ደስታዋን አልቻለችውም። ጨርቁን የመረጠው እሱ ነው፤ ከሩቅ የሚለይ ግራጫ። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

እሑድ የመጀመሪያው ካባ የደረሰው ለጎረቤታችን፣ ሆስፒታል ውስጥ ለምትሠራው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ዘጠኝ ዓመት ከቆየች በኋላ ቅዳሜ ንስሐ ገብታ ነበር። ልትቆርብ ከአዳር ፈረቃዋ በቀጥታ መጣች፣ አጭር እጅጌ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። ሰብሳቢው አስቁሞ ካባውን ጣለባት። ከኋላዋ የመጣችው እመቤት ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ ግን ገላዋ ላይ ተጣብቋል፣ አንገቷም በወርቅ ጎብጧል። እሷን «ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ፊተኛው ወንበር ድረስ ሸኛት። ዓይን ያወጣ አድልዎ! ጨዋነት በክንድ ብቻ ነው እንዴ የሚለካው? ለታይታ መልበስ ነውር መሆኑን አባ ስንቴ ሰብከዋል?

ሰው ሁሉ እየዞረ ግራጫዋን አየ። ሁለት ልጃገረዶች ተሳሳቁባት። ወንጌል ሳይነበብ ካባውን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ከሰዓት ከአክስቴ ጋር ቤቷ ሄድን። «እትዬ፣ እግዜር ነው ያባረረኝ፤ አልፈለገኝም» አለች።

አክስቴ ቆሽቷ አረረ። «እግዜር አይደለም፤ እኔ ነኝ ያባረርኩሽ! ሴት ልጅ እንድትከበር ነው የምሰፋው ብዬ፣ የምትዋረድበትን ሰፋሁ። በይ፣ የፊታችን እሑድ አብረን እንቆርባለን።»



እሑድ አክስቴ ቀድማ ደረሰች። በሩ ላይ ካለው መስቀያ አንድ ካባ አውርዳ ረጅሙ እጅጌዋ ላይ ደረበች።

ሰብሳቢው ደነገጠ። «እርስዎ ደግሞ ምንዎ ተራቆተ?»

«መሸፈን ያለበት እጄ ነው» አለችው፤ «ይህን የሰፋው።»

ወዲያው የጽዳት ሠራተኛዋ ከነዩኒፎርሟ ብቅ አለች። እሱ ሌላ ካባ ሊያነሳ ሲል አክስቴ መሃል ገብታ ቆመች። በሕይወቷ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ «እጅህን ሰብስብ!» አለችው።

ሁለቱ ተያይዘው ገቡ። ሲቆርቡ የጽዳት ሠራተኛዋ ቀደመች፤ አክስቴ ከነካባዋ ተከተለቻት። አባ የክርስቶስን ሥጋ ሲሰጧት የጽዳት ሠራተኛዋ «አሜን» ያለችው፣ ሰብሳቢው እስከቆመበት በር ድረስ ተሰማ።