ሲነሳ የሚሰርዝ ኮምፒውተር

ጭድ ተራ ጥግ ላይ አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ሱቅ ትባል ብዬ ነው እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት ነገር ነበረች። ሰው ሜሞሪና ፍላሽ ያመጣል፣ እኔ ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ፊልም እጭንለታለሁ። ፎቶም አጎላለሁ፣ አትማለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ የቀረውን ከመርካቶ ነው የተማርኩት። መርካቶ ስታስተምር ደብተር አትጠይቅም፤ መጀመሪያ ኪስህን ታያለች፣ ፊትህን በኋላ።

ጊዜው ከምርጫው ግርግር ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሰው ወሬ ከመጀመሩ በፊት በር በር ያይ ነበር። ከእኔ ሦስት ሱቅ አልፎ ያንኑ የእኔን ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር። ደንበኛ ኮምፒውተሩ ላይ ጥሎት የሄደው አንድ ቪዲዮ ተገኘበት ተባለና፣ ሁለት ሰዎች መጥተው ማሽኑንም ሰውየውንም ይዘው ሄዱ። ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ማሽኑ እዚያው ቀረ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልንለው ተሰብስበን ስንሄድ ሻይ ቀዳልን፤ ሻዩ ግን ግማሹ ብርጭቆውን እየሳተ ትሪው ላይ ይፈስ ነበር። እጅህን ምን ሆንክ ያለው አንድም ሰው የለም። እኛም ጠጣን፣ እግዜር ይስጥልን አልን፣ ወጣን።

የእኔ ማሽን ከእንግዲህ የሰው ነገር ይዞ እንዳያድር የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

መላውን ያሳየኝ አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ ነው። «ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው አንድ ቦታ አለ፣ ስታርታፕ ይባላል» አለኝ። «እዚያ ያስቀመጥክለትን ትእዛዝ ማንንም ሳይጠይቅ በየተራው ይፈጽማል።»

«ማንንም ሳይጠይቅ?»

«ማንንም።»

«እንዲህ ያለ ሠራተኛ ስፈልግ ነው የኖርኩት» አልኩት።

ጥቂት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። የቀረውን እየሞከርኩና እያበላሸሁ ራሴ ጨመርኩበት። ሲያልቅ ሦስት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ «ደንበኛ» ብዬ የሰየምኩትን ፎልደር ባዶ ያደርጋል፤ ቅርጫት ውስጥ አቆይቶ በኋላ ልመልስልህ ወይ የሚል ዓይነት ሳይሆን ጨርሶ ያጠፋል። ቀጥሎ ከትልቁ ዲስክ አዲስ የገቡትን ዘፈንና ፊልም ገልብጦ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይደረድራል። ከዚያ አንድ ዘፈን በስፒከር ይለቃል፣ ሱቁ መከፈቱን ተራው ሁሉ እንዲሰማ።

በዚያ ላይ የመብራት ፈረቃ ነበረ። በሄደበት ሰዓት ይሄዳል፣ በመጣበት ሰዓት ይመጣል። የመጣችውን መብራት እንዳላባክን ብዬ፣ ኮረንቲ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲነሳ አደረግኩት። ሌላው ነጋዴ በሩን ከፍቶ መጥረጊያ ሲፈልግ የእኔ ማሽን ጠርጎ፣ ደርድሮ፣ እየዘፈነ ይቆየኛል። ከጎኔ ምንጣፍ የሚሸጡት ሐጂ አንድ ጠዋት ቆመው አዩና «ለሱብሂ የሚቀሰቅሰኝ እንዲህ ያለውን ነበር ያጣሁት» አሉ። እኔም ኮራሁ። አላወቅኩም ነበር እንጂ፣ እነዚያን ሁለት ብልጠቶቼን ለየብቻ ነበር የሞከርኳቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ አላሰብኩም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች አብረው መጡ። አንደኛዋ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ እህል በረንዳ ጤፍና ስንዴ እያበጠሩ የሚያድሩ ሴት ናቸው። ሁለተኛው እዚያው ጆንያ የሚሸከም፣ ትከሻው የሱቄን በር የሞላ ጎልማሳ ነው። የእትዬ ባል ከእሱ ጋር ለዓመታት አብሮ የተሸከመ ሰው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት መጋዘን ውስጥ የጆንያ ክምር ተናደበትና ሞተ። ከክምሩ ሥር ጎትቶ ያወጣው ይሄው ጓደኛው ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝም እሱ ነው፤ እትዬ ግድግዳዬ ላይ የተለጠፉትን የሙሽሮች ፎቶ ያያሉ።

«አለቃ፣ ሰውየው ከመታወቂያው ሌላ ፎቶ የሚባል አልነበረውም» አለኝ ተሸካሚው። «አንዲት ብቻ አለች፣ እኔ በስልኬ ያነሳሁት። እየሳቀ ነው።»

«እሱና ሳቅ!» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከሙሽሮቹ ሳያነሱ። «ስንት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ሲስቅ አላየሁትም። ይሄ ልጅ በስልኩ አሳየኝ፤ ዓይኔ ደካማ ነው፣ ጥላ ነገር ነው የታየኝ። ለአርባው ድንኳን ውስጥ ይሰቀላል። ትልቅ አድርገህ ሥራልኝ ልጄ፤ ይሄን ያህል።» ሁለት እጃቸውን እስከቻሉት ዘረጉ።

«ይሠራል እትዬ። ነገ ይምጡ።»

ሜሞሪውን ከስልኩ አውጥቼ ሰካሁት። ቫይረስ ወርሶታል። የሱቄ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ቫይረስ ያለበት ሜሞሪ ሲመጣ ውስጡ ያለውን ወደ ማሽኔ አሸሽና ሜሞሪውን ፎርማት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ሞልቼ እመልሳለሁ። ባዶ ሜሞሪ ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። ፎቶዋን «ደንበኛ» ውስጥ ከተትኩ፣ ሜሞሪውን አጸዳሁ፣ ለቅሶ ነውና ማንም ሳይጠይቀኝ እስኪጠግብ ድረስ መዝሙር ሞላሁበት። ሂሳብም አልተቀበልኩ። መርቀውኝ ሄዱ። ከፎርማት የተረፈውን የፎቶዋን ርዝራዥ ሁሉ የሸፈነው ያ ደግነቴ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ወንበሬን ስቤ ፎቶዋን ላጎላ ስል መብራት ሄደ።

ወጥቼ ሐጂ ደጅ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ «የቻይና ምንጣፍ ከአንድ ክረምት በላይ አያልፍም» እያሉ፣ የሚሸጡትን ዕቃ ራሳቸው ሲያሙልኝ፣ ከሱቄ ዘፈን ተለቀቀ።

«ማሽንህ ተነሳ» አሉ።

«አዎ ሐጂ፣ እሱ እኮ...» ብዬ ሳቅኩ። ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

ሮጬ ስገባ ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ደርሷል። «ደንበኛን» ከፈትኩ። የህንድ ፊልም፣ የህንድ ፊልም፣ አዲስ የወጡ ዘፈኖች። ፎቶዋ የለችም። ኮምፒውተሩን ተሳሳትክ ብዬ ብሰድበው ደስ ባለኝ፤ ግን አንዲት መስመር አልዘለለም። ያዘዝኩትን ባዘዝኩት ተራ ሠርቷል።

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረኝ። ስታገል ዋልኩ። መጨረሻ ላይ አንዲት ፎቶ አመጣልኝ፤ ከላይ የመጋዘን በር ትታያለች፣ የሹራብ ኮፍያም አለ፣ ከኮፍያው በታች ያለው በሙሉ አመድ ነው። ፊቱ በነበረበት ቦታ ፊልም ተጽፎበታል።

ሐጂ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። «የሐዘንተኛዋ ናት?»

«የሳቸው ናት።»

«ኢና ሊላሂ» አሉና ሄዱ።

በማግስቱ እትዬ ብቻቸውን መጡ። ሌሊቱን በሙሉ እውነቱን ለመናገር ስዘጋጅ አድሬ ነበር። ሲገቡ አፌ የለመደውን ተናገረ።

«እትዬ፣ ሜሞሪው ሲመጣም ተበላሽቶ ነው። አልከፈት አለኝ። ስልኩ የቻይና ነው፣ እንዲህ ያደርጋል።»

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። መርካቶ ውስጥ «ዕቃው ሲመጣም እንዲህ ነበር» ብሎ የማያውቅ ነጋዴ ካለ፣ ሱቅ አልከፈተም ማለት ነው። ፎቶ አጠፋ ከተባልኩ ማን ሜሞሪውን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ። የፈራሁት ይሄን ያህል ትንሽ ነገር ነው።

«ያ ልጅ ነዋ ያበላሸብኝ?» አሉ።

አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። «እንግዲህ...» ብዬ ኪቦርዱን በጨርቅ ወለወልኩ።

ከመቀነታቸው የባላቸውን የቀበሌ መታወቂያ ፈቱ። «እንግዲያው ይችን አጉላልኝ» አሉ። የመታወቂያው ፎቶ ላይ ሰውየው ካሜራውን የሚያየው ከሳሹን እንደሚያይ ሰው ነው። ሐምራዊው ማኅተም ደግሞ ከጉንጩ እስከ አገጩ ተዘርግቶበታል። ማኅተሙን ለማንሳት ሁለት ቀን ሠራሁበት። ማኅተሙ ሲነሳ ጉንጩም አብሮ ተነሳ፤ ከሌላ ሰው ጉንጭ ወስጄ ብተካለት የማላውቀው ሰው ወጣ። ከነማኅተሙ ተውኩት።

በዚያው ሰሞን ተሸካሚው ብቻውን መጣ። ደጄ ላይ ቆመ፣ አልገባም።

«አለቃ፣ እትዬ ድንኳኔን እንዳትረግጥ አሉኝ። ፎቶውን ያጠፋህብኝ አንተ ነህ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይሄን ስልክ ስንቴ ጥዬዋለሁ።» ስልኩን እንደ ታመመ ጫጩት በመዳፉ ይዞ አየው። «ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። መዝሙሩ ደህና ይሠራል እኮ። ተበላሽቶ ከሆነ መዝሙሩን እንዴት ያዘ?»

«ፎርማት ሲደረግ ይድናል» አልኩት።

«ለእኔ ዳነ፣ ለእሱ ሞተ በለኛ» አለና ሄደ። ነገሩን ያመነው እኔን ብሎ ነው።

ሐጂ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ሰምተዋል። ጠርተው አላስቀመጡኝም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «አላህ ያይሃል ብዬ አላስፈራራህም» አሉ። «እኔ አይቼሃለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ወሬ ግን አይጨምሩበትም። ጎረቤት ከጎረቤት ክንድ በማይርቅበት ተራ ይሄን ችሎ መዋል ቀላል አይደለም።

አርባው ደረሰ። ፍታቱ በጠዋት ተደርጎ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ደረስኩ። ፎቶው ከነማኅተሙ ተሰቅሏል። አንድ ሽማግሌ አንጋጠው አዩትና ለጎናቸው ሰው «ሞቶም ቀበሌዎቹ አልለቀቁትም» አሉ። ሰውየው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ሳህን ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ። በድንኳኑ ቀዳዳ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ተሸካሚው ቆሞ ይታየኛል። እኛ የተቀመጥንባቸውን አግዳሚ ወንበሮች በጠዋት ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው አሉ። አምጥቶ፣ ደርድሮ፣ መልሶ ተሻግሮ ቆመ።

አንድ ጉርሻ ሞከርኩ። ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ። ተነስቼ እትዬ እግር ሥር ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ፣ ሜሞሪው ደህና ነበር። ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኔ ሲነሳ የሰው ነገር ሁሉ እንዲሰርዝ አድርጌው ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተነሳና ሰረዘው። ልጁ ምንም አላደረገም።»

«የሰው ነገር ለምን ታሰርዛለህ?»

«ፈርቼ።»

ምን ፈርተህ አላሉኝም።

«እኔ እኮ ስንዴ እያበጠርኩ ነው የረገምኩት» አሉ። «በየጠዋቱ። ሰፌዱን በነቀነቅኩ ቁጥር። ከባሌ ላይ ክምሩን በእጁ ያነሳለትን ሰው። ይሄን እርግማን አሁን ከየት ልልቀመው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ተነስተው መንገዱን ተሻገሩ፣ ተሸካሚውን በሹራቡ እጅጌ ይዘው አመጡትና ከጎናቸው አስቀመጡት። ይቅርታ አላሉትም፤ ሳህን አስመጡለት። እሱ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል። የገባው ይመስለኛል፤ ግን ፊቱን ወደ ሳህኑ መለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እትዬ ወደ ኋላ ገለል ብዬ ወደቆምኩበት ዞሩ። «አንተ መቼም አይተኸዋል፣ በዚያ በማሽንህ ትልቅ መስታወት። አሳሳቁ እንዴት ነበር?»

ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ ደስ ብሎት ብል ሴትየዋ ይዘውት ይኖሩ ነበር። አፌም ለምዷል።

«ኮፍያውን ብቻ ነው ያየሁት እትዬ» አልኩ። «ሳይጠፋ በፊት አልከፈትኩትም። ዝም ብዬ ነው ያዛወርኩት።»

«አልከፈትከውም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ፊታቸውን ወደ ተሸካሚው መለሱ። «በል አንተ ንገረኝ።»

ጎልማሳው የያዘውን ጉርሻ መለሰ። «ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጥርሱ አይታይም። እንዲህ ነው...» ሰፊ መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። «ሸፍኖት ነው የሚስቀው። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ምን አስቆት?»

«እኔ ነኛ እትዬ። ጆንያ እንደተሸከምኩ ወድቄ።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ይሳቁ ያልቅሱ እኔ ካለሁበት አይለይም ነበር፤ ቀርቤ እንዳላይ ደግሞ ከሳቸው ጎን ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም።