የወንድሜ ጣፋጭ ኪያር

ዛሬ አያቴ ዓይኔ እያየ ዋሹ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጋልጣቸው ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጂዳ ሲመለስ ኪያር በአቼቶና በስኳር ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ተምሮ መጣ። አያቴ የቀሯቸውን ሁለት ጥርሶች እያሳዩ ይስቁበት ነበር፤ "ስኳር በኪያር? ነገ ደግሞ ማር በሽንኩርት ትሉናላችሁ!"

ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ እኛ ሸሸን። ወንድሜ "ቤቱን ማን ይጠብቅ?" ብሎ ቀረ።

ስንመለስ ቤቱ አለ፤ እሱ የለም። እስካሁን አየሁት የሚል ሰው አላገኘንም።

ከዚያ ወዲህ እማ ምግብ አይዋጥላትም። ሰሞኑን ግን "ያ የልጄ ኪያር አማረኝ" አለች። አያቴ በዚያው ቀን ከሐይቁ ዳር ኪያር ተሸክመው መጡ።

እሳቸው ይከትፋሉ፣ እኔ አቼቶውን ከስኳር ጋር አፈላለሁ።

"አባባ፣ ዱለት እኮ አይደለም፤ በስሱ ይቁረጡት!"

"ዝም በይ! አንቺ ሳትወለጂ ቢላ ይዣለሁ።"

ዛሬ የዘፈዘፍንበትን ጠርሙስ ከፈትነው። እኔ ቀድሜ ቀመስኩ። ወላሂ፣ ኪያር የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው።

አያቴ ግን በድዳቸው እያላመጡ፣ "ራሱ ነው! የልጁ እጅ ነው!" አሉ።

እኔም ጠርሙሱን ወደ እማ ገፋ አደረግሁ።

እማ አንዱን ጎረሰች። አላምጣ ዋጠችና፣ "አይደለም፣ አባቴ" አለች።

ደግሞ ሌላ አነሳች። "ግን ደህና ነው። ሲመጣ ያስተካክለዋል።"

አያቴ "ኢንሻአላህ" አሉና አንድ ኪያር ደግመው ጎረሱ።

እናንተስ ቤት ባለሙያው የሌለበት ምግብ አለ? ማን ሠራው? ማንስ "ራሱ ነው" ብሎ ዋሸላችሁ?