ከጭሱ ሳጥን እስከ ምድጃው

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም ስለ ጣና አምስት መስመር ጻፉ ስንባል ሦስቱን ከጎረቤቴ ደብተር ገልብጫለሁ። አሁን የምጽፈው በአፌ ልናገረው ስለማልችል ነው። የነገሩም መነሻ ይኸው አለመናገሬ ነው።

ያደግሁት ቁንዝላ ነው። ባሕር ዳር መጥቼ ዓባይ ማዶ ከአክስቴ ጋር ስቀመጥ፣ ሥራ ያገኘሁት እዚያው ሰፈር፣ አሮጌ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት በሚሠራ ግቢ ውስጥ ነበር። ቆራሌው የሚያመጣውን የተቀደደ ድስት፣ የመስኮት ፍሬም፣ የሞተር ስባሪ ቁጭ ብለን እንለያለን። አብራኝ የምትለየውን ጎልማሳ ሴት እትዬ እላታለሁ። ምድጃው ላይ የሚቆሙት ደግሞ የወረታ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ምድጃው የሚነደው በተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። ድሮ ጭሱ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣ ነበር አሉ። ጋሼ ናቸው መንገዱን አዙረው በትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ እንዲያልፍ ያደረጉት። ቁርጥራጩ ወደ ማቅለጫው ከመግባቱ በፊት እዚያ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ በሚወጣው ጭስ ይሞቃል።

«ይህ ጭስ እኮ እሳቱን ተሸክሞ ነው የሚሄድ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሰማዩ መች በረደኝ አለና ነው የምንሰጠው? እኛው እንሙቀው እንጅ።»

የሞቀ ቁርጥራጭ ቶሎ ይቀልጣል፤ ዘይትም ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ግን ይደርቃል። እርጥብ ነገር ከቀለጠ አሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ስለዚህ የሳጥኑ ሕግ አንድ ነበር፤ ሁለት ጫፉ የተዘጋ ነገር በመጥረቢያ ሳይሰነጠቅ አይገባም። ውሃ በሆዱ ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና።

ሳጥኑ የእኔ ሆነ። የምደረድረውም፣ ሙቀቱን የምጠብቀውም እኔ ነበርሁ። ጋሼ መጥተው በረጅም ጉጠት እያወጡ ይወስዳሉ። ከሳጥኑ እስከ ምድጃው ሰባት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ከሰው ጋር ስለማላወራ ብዙ ነገር እቆጥራለሁ።

«ይችማ ስታነጥስም ይቅርታ ትጠይቃለች» ትል ነበር እትዬ። «ባል ሲመጣ እንዴት ልትሆኝ ነው? በወረቀት ጽፈሽ እሽ ልትይው?»

«ተያት» ይሏታል ጋሼ። «ምድጃው ይጮኻል፤ አንች ትጮኺያለሽ። አንድ ዝም የሚል ቢኖረን ምናለበት?»

እኔም እስቃለሁ፤ አፌን በሻሼ ሸፍኜ።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ አንድ ቆራሌ ከቁንዝላ በኩል የተሰባበረ የጀልባ ዕቃ ጭኖ መጣ። አብዛኛው የመደገፊያ ቧንቧ ነው። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ቧንቧ ይዤ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሬያለሁና ደስ እያለኝ ለየሁት። ከመካከላቸው አንዱ፣ አንድ ጫፉ ተጠፍጥፎ ተዘግቷል። ሌላው ክፍት መሰለኝ። አፉ ላይ የደረቀ የሐይቅ ጭቃ አየሁ፤ ክፍት ካልሆነ ጭቃ ከየት ይገባል አልሁ። ሙቀቱ ያደርቀዋል ብዬ ከሌሎቹ ጋር አስገባሁት። ጭቃው ቧንቧውን እንደ ቡሽ እንደደፈነው አላሰብሁም።

ጋሼ ከዙሁር ሶላት ተመልሰው ጉጠታቸውን አነሱ። የእሳት መከላከያ መነጽራቸውን ላብ ስለያዘው ወደ ግንባራቸው ሰቅለውታል። ያንን ቧንቧ ይዘው ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ። ያፏጫል። በጣም ቀጭን ፉጨት ነው፤ ከጭቃው ጎን እንደ ክር የቀጠነ ነጭ እንፋሎት ይወጣል።

ወዲያው ገባኝ። «ጋሼ!» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን እሳቱን የሚያራግበው ነፋሽ በኃይል ይጮኻል፤ ከእሱ በላይ መጮኽ አለብኝ፤ ግቢው ሙሉ ሰው ዞሮ ሊያየኝ ነው። በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። እጅጌያቸውን ልይዝ ብዬ ከኋላቸው ተከተልሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሳቸው ፈጣን ናቸው። አምስተኛው ላይ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረሰም። ቧንቧው ገባ።

ድምፁን አላስታውሰውም። አሉሚኒየሙ ወደ ላይ ሲነሣና ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው ሲያነሡ ነው የማስታውሰው። በእኔ ክንድ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ጠባሳው የስንዴ ፍሬ ያህላል።

ሆስፒታል ተኙ። ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የግራው ፋሻው ሲፈታ ነው የሚታወቅ ተባለ። የግቢው ባለቤት ሰብስቦ ሲጠይቀን እትዬ ቀድማ ተናገረች።

«ያ ጭነቱን ያመጣው ነው! ሚዛን እንዲደፋለት ውሃ ሞልቶበት!»

ሰውየው ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ፤ ከግቢው ተባረረ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ከእኔ ቃል የሚጠብቅ አልነበረም። ያን ጊዜም ዝም አልሁ።

ከሆስፒታል ወጡ ሲባል ወደሚኖሩባት ቤት ሄድሁ። በሩ ክፍት ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ የግራ ዓይናቸው ፋሻ ተፈትቷል። ዓይኑ ተከፍቶ በቀጥታ ወደ እኔ ያያል። እፎይ አልሁ፤ ደስ አለኝ።

«ማነው?» አሉ።

ግንቡን ይዤ ቆምሁ።

«ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቅ። ነይ ግቢ።»

ገብቼ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። «ሲያፏጭ ሰምቼ ነበር፣ ጋሼ» አልሁ።

«ምኑ?»

«ቧንቧው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሲያወጡት እንፋሎቱንም አይቻለሁ።»

«የት ነበርሽ?»

«ከኋላዎ። እጅጌዎን ልይዝ እየመጣሁ ነበር።»

«እጅጌዬን» አሉ። መቁጠሪያቸውን ብዙ ጊዜ አዞሩ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም። «ያ ምስኪን ሰውየስ? ጭነቱን ያመጣው?»

«አባረሩት።»

«ነገ ለባለቤቱ ትነግሪያለሽ።»

«እሽ።»

ነገርሁት። «ምን አልሽ? አልሰማሁም» እያለ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሰውየውን አስጠራው፤ እኔን አሰናበተኝ። በዚያው ሳምንት ልጃቸው መጥታ ጋሼን ወደ ወረታ ወሰደቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ያን ቀን ግን ከጋሼ ቤት ልሄድ ስነሣ ይቆጡኛል ወይም ይቅር ይሉኛል ብዬ በሩ ላይ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላደረጉም። የእግሬን ኮቴ ተከትለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ሁለተኛ ስትመጭ ከደጅ ጀምረሽ ጮኸሽ ተጣሪ፤ እኔ እንግዲህ ማን እንደገባ አላይም» አሉኝ።