ሻይ የጠጣው ኮት

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የዱቄት መጋዘን ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ብናኝ ተጋግሮ ቀርቷል፤ እርጥበት ሲነካው ይሸታል። አንድ ዳቦ ለሁለት በሚበላበት ክፍል ያ ሽታ ራሱ ቅጣት ነበር። ከግንቡ ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ጳውሎስ!» እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ። የታሰርኩት በገዛ ሰፈሬ፣ ጉለሌ ነው።

አብረውኝ የታሰሩት የሰፈራችን ባለሱቅ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡናል፣ መካ ደርሰው ስለተመለሱም ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። በስብሰባ ላይ ቤታችን ሊፈርስ አይገባም ብለን ሁለታችንም ተናግረናል። መርማሪው ግን ከእኔ የሚፈልገው ሌላ ነበር፤ ሐጂ ለወጣቶች ገንዘብ ሰጥተው ድንጋይ አስወርውረዋል ብዬ እንድመሰክር። ሐሰት ነው። ብመሰክር እኔ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ ሐጂ ወደ ረጅም እስር ይሄዳሉ። ሁለታችንን በአንድ ክፍል ለምን እንዳኖሩን የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከቤት የሚመጣልን ስንቅ ከበር ይመለሳል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ልጆቼን ለማስጠናት መጽሐፋቸውን ቀድሜ በማንበብ ነው። ከዚያ ያገኘሁትን ለሐጂ ነገርኳቸው። ዳቦም፣ ቆጮም፣ ፓስታም ካርቦሃይድሬት ነው፤ በውስጡ ያለው ስታርች እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስኳር ነው። ሰንሰለቱን ምራቅ መበጠስ ይጀምራል፣ ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል፣ ስኳሩም ወደ ደም ይገባል። ከትርፉ ጉበት ጥቂት ያስቀምጣል፤ ምግብ ሲጠፋ ግን ያ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። ደረቅ ዳቦም ሳይዋጥ ብዙ ከተላመጠ ይጣፍጣል አልኳቸው።

ሐጂ ሞከሩና ሳይጣፍጣቸው ቶሎ ዋጡት። በማግስቱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እያላመጡ ቆዩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስኳር ስሸጥ፣ ዳቦ ውስጥ መኖሩን ማን ነገረኝ?» አሉ።

መርማሪው የጠራኝ ረሃቡ ከጸናብን በኋላ ነው። ስለ ጉበት አያውቅ ይሆናል፤ የተራበ ሰው አንጎሉ ስኳር እንደሚለምን ግን ከሥራው ተምሯል። የልጄ እኩያ ነው። ሻይ አስቀርቦ ስኳር ደጋግሞ ጨመረበትና ረጋ ብሎ አማሰለው። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አፌ ምራቅ ሞላ። ምራቅ እውነትና ሐሰት አይለይም።

«ይጠጡ አባቴ። እኔ እኮ እንደ ልጅዎ ነኝ።»

«ልጆቼን እንዲህ አላሳደግኋቸውም» አልኩት።

አልተቆጣም። ተነስቶ ሻዩን በኮቴ እጅጌ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው።

«እንግዲህ ጠጥተው እንደተመለሱ ይቆጠራል» አለ። «ሽታው ለሐጂ ይበቃል።» በአንድ ክፍል ያኖሩን እንድንጠራጠር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስገባ ክፍሉን የቅርንፉድና የስኳር ሽታ ሞላው። የእኔ ግማሽ ዳቦ ሳይነካ በጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጣፈጠህ?» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ እጅጌዬን በእጃቸው ላይ አደረግሁ።

«ሻዩን የጠጣው ኮቴ ነው።»

ጨመቁት፤ ጠብታ ወጣ።

«ኮትህስ ምን ተናገረ?»

«ምንም።»

ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም እጅጌውን አየነው። ስኳሩ እዚያው ነበር፤ መምጠጥ አላማረኝም ብል እዋሻለሁ። ሐጂ የመጠጫ ውሃችንን አንስተው እጅጌውን አጠቡት። ጣፋጩ ውሃ ወደ ወለሉ ስንጥቅ ወረደ። ግማሿን ዳቦ ለሁለት ቆርሰን፣ እስክትጣፍጥ አላመጥናት።

በመጨረሻ ያለ ክስ ለቀቁን። ይቅርታ የጠየቀን የለም።

መርማሪው ዛሬም ጉለሌ ውስጥ አለ። ከጳውሎስ ወረድ ብሎ ባለች ሻይ ቤት ጠዋት ጠዋት ይቀመጣል። እኔና ሐጂ ደረቅ ዳቦ ይዘን ፊት ለፊቱ እንቀመጣለን። ስኳር የሌለው ሻይ እናዛለን። አናናግረውም፤ ዓይን ዓይኑን እያየን ቀስ ብለን እናላምጣለን። መጀመሪያ ሰሞን ሰላም ሊለን ሞክሮ ነበር። አሁን ገና ስንገባ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል።

ልጆቼ «አባዬ፣ አሁንስ ተወው» ይሉኛል። በሰው ላይ እጅ ማንሳት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፤ እጄን አላነሳሁም። ይቅር ማለት እንዳለብኝም አውቃለሁ። አላልኩም፤ ብያለሁ ብዬም ልጆቼን አልዋሽም።

መርማሪው ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። ያልጠጣው ስኳር ብርጭቆው ሥር ዘቅጦ ይታየኛል። አፌ ውስጥ ያለው ዳቦ መጣፈጥ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።