የቅበላ ሳምንት ይቅርታ

ልጄን ያጣሁበትን ሳምንት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ደስታው ነው፤ ለቅሶው ኋላ ይከተላል። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ አራት ቀን ሙሉ፣ በላሊበላ ከተማ እንደ እኔ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ ገበያው አጠገብ ካለ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ዘመኑ የደርግ ነውና ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈውን ጊዜ የቀበሌውን ቀይ ጨርቅ ስሰፋ እውላለሁ። ድምፄ ትልቅ ነው። ስቆጣም ስስቅም ከገበያው ማዶ ይሰማል፤ ሚስቴ «ከተራራው ጋር ነው እንዴ የምታወራው?» ትለኛለች።

የመጀመሪያ ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በትምህርቷ ጎበዝ፣ በአፏ ደግሞ እኔን የወጣች ተረበኛ። ያቺ ልጅ ከመስቀል ወዲህ ዝም አለች። ትምህርት ቤት ቀረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውል ጀመር። ላጎርሳት የዘረጋሁት ጉርሻ እጄ ላይ ይቀራል። «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ስላት «እንጃ አባዬ፣ ደክሞኛል» ትለኛለች። አንድ ቀን ግን «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ ብዬ ጮህኩባት፣ እሷም ሁለተኛ አልተናገረችውም። ዛሬ ቢሆን አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ምን እንዳሰበች ጠይቄ፣ እስክትጨርስ እሰማት ነበር።

ጠበል ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት ቀን አስጠመቅናት። ለውጥ የለም። ከጎኔ ባለው በረንዳ አቡጀዲ የምትሸጥ፣ ከወልድያ የመጣች ሙስሊም ነጋዴ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ልጄን ሳትጠይቀኝ ሥራ አትጀምርም። «ጠበሉንም አትተው፣ ግን ደሴ እንዲህ ያለውን በሽታ የሚያይ ሐኪም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ውሰዳት። አብሽር፣ ይድናል» አለችኝ። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ከወረዳ ወረዳ መሄድ የለም። ቀበሌ ስመላለስ ሰንብቼ በመጨረሻ ለሁለታችን ይለፍ አገኘሁ። ጾሙ በገባ ማግስት፣ ማክሰኞ፣ እስከ ጋሸና በእግርም ሆነ በጭነት መኪና ደርሰን ከዚያ ወደ ደሴ ልንሳፈር ቆረጥን።

ከዚያ የቅበላው ሳምንት ሐሙስ መጣ!

ለምሳ ወደ ቤት ስገባ ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እናቷ ፀጉሯን ትሠራታለች። ገላዋን ታጥባለች፣ ራሷ ቅቤ ጠጥቶ ያበራል። ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ የአገሩን ልብስ ትሰፋለህ፣ ያንተ ቁልፍ ግን ተበጥሷል» አለች። ሳቀች! አምስት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ጮቤ ረገጥኩ። እናቷን ሳምኳት፣ ልጄን ሳምኳት፣ ጎረቤት ድረስ ሮጬ ስለ ተበጠሰችው ቁልፌ አወራሁ። ምሳዬን ረስቼው ነው ወደ ሥራ የተመለስኩት።

በእኛ አገር ዐቢይ ጾም ከመያዙ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ጾም መግባት ነውር ነው፤ ያልተጣላም ቢሆን «ምናልባት አስቀይሜ እንደሆነ» እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። ዓርብ ዕለት ልጄ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ቤት ለቤት እየዞረች የትልልቆቹን ጉልበት ስማ «ያስቸገርኳችሁን ሁሉ ይቅር በሉኝ» አለች። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ «እግዜር ይፍታሽ» አሏት። እኔ ኩራቴ መሬት አልበቃው አለ። ይህን ያህል ጊዜ ተኝታ፣ ስትነሣ ደግሞ መጀመሪያ ያሰበችው ጾሟን! ማታውን አዲሱን ነጠላዋን ለታናሽ እህቷ፣ ደብተሮቿን ለጓደኛዋ ሰጠች። ይህንንም የጾም መግቢያ ምጽዋት ነው ብዬ መረቅኳት።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከብልባላ በአህያ እህል ጭኖ የመጣ፣ ጨርቅ ሊያስለካ የቆመ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ዜናውን ከእኔ ሳይሰማ አላለፈም። «ልጄ ድናለች! ስሙኝ፣ ድናለች!» እላለሁ፣ አፌ አላርፍ አለ። ጠላ አስመጥቼ አጠጣሁ። ሰው እልል አለ።

አቡጀዲ ሻጯ ብቻ አልሳቀችም። ሰው ቀለል ሲል ወደ መኪናዬ ጠጋ አለች።

«ወላሂ ፈርቻለሁ» አለች። «እኔም ጋ መጥታ ነበር። ይቅር በይኝ አለችኝ። ምን በድላኝ? የናንተ ጾም ከኔ ጋር ምን አገናኘው? ዓይኗን አይቼዋለሁ፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስንብት ነው የመሰለኝ። ልጅቱ ገና አልዳነችም። ወረቀቱን እንዳትመልስ፣ ማክሰኞ ይዘሃት ሂድ።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። «አንቺ ደግሞ የኛን ቅበላ ምን ታውቂያለሽ!» አልኳት፣ ሰው እንዲሰማ አድርጌ። አጠገባችን የነበሩትም አብረውኝ ሳቁ። አንገቷን ደፍታ ወደ ጨርቆቿ ተመለሰች። እኔ በዚያው ሞቅታ ቀበሌ ሄጄ ይለፉን ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። «ምነው፣ ቀረ?» አለኝ። «ልጄ ድናለች ጓድ ሊቀ መንበር! ሐኪም ምን ያደርግላታል!» አልኩት።

እሑድ ቅበላ ሆነ። ሥጋው ተጠበሰ፣ ዶሮው ተሠራ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጄ ከእጄ ጎረሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እየቆጠርኩ ነበር፣ እናቷም በዓይኗ እየቆጠረች ነበር። ከዚያ ልጄ ጉልበቴ ሥር ዝቅ ብላ «አባዬ፣ አንተም ይቅር በለኝ» አለች። ስግጠው የነበረውን አጥንት ከእጄ እንኳ አላስቀመጥኩም። «እግዜር ይፍታሽ፣ የኔ እናት» አልኳት፣ አፌ እንደ ሞላ። ጉልበቴን ስማ ተነሣች።

ሰኞ እያፏጨሁ ሥራ ገባሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰው ሮጦ መጣና ጠራኝ። እንዴት እንደሞተች አልናገርም፤ የእኔና የእናቷ ነው። ራሷ በራሷ ላይ ያደረገችው መሆኑን ግን አገሩ ሁሉ አወቀ።  

አስከሬኑን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የንስሐ አባታችን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ነፍሱን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፣ ከቅጥሩም ውስጥ አይቀበርም፤ አእምሮው ታሞ ከሆነ ግን ይፈታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«ልጄ» አሉኝ፣ እሳቸውም ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ «መታመሟን አውቃለሁ፣ ጠበሉን ያጠመቅኳት እኔ ነኝ። ግን ቅዳሜ አንተው ራስህ ድናለች ብለህ ስታውጅ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሰምቷል። ካህናቱም ይህንኑ ይዘው ተቃወሙኝ። ምን ልበላቸው?»

«አልዳነችም ነበር አባ» አልኩ። ከእሳቸው ሌላ የሰማኝ የለም።

«ሁሉም ይስማህ።»

ዞር ስል አቡጀዲ ሻጯን ከበሩ ውጭ፣ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ አየኋት። ልጄን ከቅጥሩ ውስጥ ለማስገባት የነበረኝ ምስክር እሷ የነገረችኝ ቃል ብቻ ነበር።

«ታማ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «አልዳነችም! ያቺ ሴትዮ ቅዳሜ ነግራኝ ነበር፣ ሐኪም ጋ ውሰዳት ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የሳቅሁባት! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ በሽተኛ ነበረች!»

አባ መስቀላቸውን አንሥተው መንገድ ልቀቁ አሉ፣ ተሸካሚዎቹም ገቡ። እናቷ ለቅሶዋን አቋርጣ ዞራ አየችኝ። ቅዳሜ የተባልኩትን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር።