እባካችሁ ዘፋኝ ስትሸልሙ ጭንቅላት አትግፉ

ዛሬ መርሳ ላይ፣ በሰርግ መሃል፣ ድምፄ ተሰነጠቀና እንደ ፍየል ጮህኩ። ጥፋቱ ግን የኔ አይደለም!

አምባሰል እየዘፈንኩ ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ልደርስ ስል እንደ ልማዴ ትንፋሼን እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩ፤ ትከሻዬን ለቀቅ፣ አንገቴን ቀጥ አደረግኩ።

ልክ አፌን ስከፍት የሙሽራው አጎት ደረሱ። ብሩን በምራቃቸው አርሰው በመዳፋቸው ግንባሬ ላይ ለጠፉት። ለጠፉት ማለት ሲያንስ ነው፤ ገፈተሩኝ! አንገቴ ወደ ኋላ ታጠፈ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ ሲጢጥ ብሎ ወጣ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ጉንፋን ነው፤ ዝንጅብል ጠጪበት" አሉኝ እሳቸው። ዝንጅብል!

"ጋሼ፣ እባክዎ ዘፈኑን ስጨርስ ይሸልሙኝ" ብላቸው ደግሞ ተቆጡ። "ደስታ ቀጠሮ ይጠብቃል እንዴ?"

አንቱ በምለው ሰው ላይ መጮህ ስለማልችል ይኸው እናንተ ላይ እየጮህኩ ነው።

ሰዎች፣ ከፍ ያለ ድምፅ ጉሮሮ በማስጨነቅ አይመጣም! ከታች ትንፋሽ ይገፋዋል፣ ከላይ አንገት መንገድ ይለቅለታል። መንገዱን እናንተው ዘግታችሁ "ድምጿ አለቀ" አትበሉኝ። ብሩን እጄ ላይ ብታስቀምጡት ደስታችሁ ይቀንሳል?

የወልድያም የውርጌሳም የሰርግ ዘፋኞች፣ እናንተ ከእንዲህ ያለ ሸላሚ እንዴት ነው የምታመልጡት? ቶሎ ጻፉልኝ። ነገ መልሱ ላይ የምዘፍነው እኔው ነኝ፤ እሳቸውም ይመጣሉ።